ብቅል እርሾ አይደለም

ከወላይታ ሶዶ ወደ አርባ ምንጭ የሚወርድ ሰው በገበያ ቀን ሁምቦ ተበላ ከደረሰ ቦርዴ አያጣም። በቆሎ፣ ብቅልና ውሃ፤ ዕቃው ይኸው ነው። ጌሾ የለውም። ጠላ የለመደ እንግዳ ቀምሶ «ጌሾ የጎደለው ጠላ» ሲል ያናድደኛል። ጠላ ጠልሎ ይጠጣል፤ ቦርዴ ግን ወፍሮ፣ ገና እየፈላ። ከጥም አልፎ ረሃብም ያስታግሣል።

ከዚህ የባሰው ስሕተት ብቅልን እንደ እርሾ መቁጠር ነው። ብቅል ራሱ አያፈላም። እህል ሲጎነቁል በውስጡ ኢንዛይሞች ይነቃሉ፤ ሥራቸው ስታርቹን ወደ ስኳር መለወጥ ነው። ስኳሩን አልኮል የሚያደርገው እርሾ፣ የሚያኮመጥጠው ባክቴሪያ ነው፤ እነዚህ ከእህሉና ከማሰሮው አይጠፉም። ኢንዛይም ደግሞ የፈላ ነገር አይችልም። ስለዚህ ባለሙያዋ እንኩሮውን (ተለውሶ የተቆላውን በቆሎ) አብርዳ ነው ከብቅሉና ከውሃው ጋር የምትጠነስሰው፤ ጥንስሱ ድፍድፍ ከሆነም በኋላ ገንፎና ብቅል ይጨመርበታል፣ ይጠለላል፣ በሰዓታት ውስጥ ለጠጪ ይደርሳል። ቸኩሎ ብቅሉን በትኩስ ገንፎ ላይ የሚነሰንስ ሰው የሚያተርፈው ቀጭን ገንፎ ነው። ከዚያ «ብቅሉ ደካማ ነው» ብሎ ነጋዴዋን ይወቅሳል!

ብቅሉን መሥራት ቀላል ነው፦ ገብሱ ተዘፍዝፎ ያድራል፣ በቅጠል ተሸፍኖ ይጎነቁላል፣ በፀሐይ ይደርቃል። ስገዛ አንድ ፍሬ እነክሳለሁ። ቀጭ ብሎ ከተሰበረና ጣፈጥ ካለ እወስዳለሁ። የሻገተውን ግን በነጻም አልቀበልም፤ አንዳንድ ሻጋታ የሚተወው መርዝ በማፍላት አይጠፋም። በርካሽ አገኘሁ ብለው እንዲህ ያለውን በጆንያ የሚሸከሙ ሰዎች አሉ፤ እባካችሁ ተዉ።

የቢራ ፋብሪካዎች ከአሰላ ብቅል ፋብሪካ ሲገዙም የሚፈልጉት ከላይ ያልኩትን ኢንዛይም ነው። በውጭ አገር ቤታቸው ቢራ የሚጠምቁ ብዙ ሰዎች በጣሳ የታሸገ የብቅል ጭማቂ ይገዛሉ፤ ስታርቹን ወደ ስኳር የመለወጡን ሥራ ፋብሪካው ጨርሶ፣ ውሃውን አትንኖ ያሸገላቸው ነው። ለእነሱ የሚቀረው በውሃ በጥብጦ ማፍላት፣ አቀዝቅዞ እርሾ መጨመርና ንጽሕና መጠበቅ ነው። የሁምቦ ተበላዋ ጠማቂ ግን ያለ ቴርሞሜትር፣ በእጇ እየለካች ሁሉንም ራሷ ትወጣዋለች። ሙያዋ ከማንም ጠማቂ ሙያ አያንስም።

እናንተ ጠጪዎች ደግሞ፣ ቦርዴን በደረሰበት ቀን ጠጡት። ጌሾ የለውምና ሲያድር ይኮመጥጣል፤ አሳድራችሁ ስታበቁ ጠማቂዋን አትውቀሱ።