ድካምና የታይሮይድ ሕመም በሀዲያና ከምባታ

ምክንያቱ ያልታወቀ ድካም በቂ እንቅልፍና ዕረፍት ተወስዶም የማይለቅ፣ ለሳምንታት የሚዘልቅና የዕለት ሥራን የሚያውክ የአቅም ማጣት ነው። ራሱን የቻለ በሽታ ሳይሆን የብዙ በሽታዎች ምልክት ነው። በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል በሆሳዕና፣ በሾኔ፣ በዱራሜ፣ በሺንሺቾና በዙሪያቸው ባሉ የሀዲያና የከምባታ ገጠሮች እንዲህ ያለ ድካም ሲከሰት የታይሮይድ ዕጢ አብሮ ይጠረጠራል፤ የደቡቡ ደጋ እንቅርት በብዛት ከታየባቸው የአገሪቱ ክፍሎች አንዱ ነውና። ይሁን እንጂ እንቅርትና ድካም ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም። አንገቱ ያበጠ ሰው የሆርሞኑ መጠን ጤናማ ሊሆን ይችላል። አንገቱ ላይ ምንም የማይታይበት ሰው ደግሞ ሆርሞኑ በጣም ያነሰ ሊሆን ይችላል። ይህን የሚለየው የደም ምርመራ ነው።

የዕጢው ሥራ

የታይሮይድ ዕጢ በአንገት ፊት ለፊት፣ ከማንቁርት በታች የሚገኝ የቢራቢሮ ቅርጽ ያለው ዕጢ ነው። ታይሮክሲን (ቲ4) እና ትራይአዮዶታይሮኒን (ቲ3) የተባሉ ሆርሞኖችን ያመርታል። ቁጥሮቹ በእያንዳንዱ ሆርሞን ውስጥ ያሉትን የአዮዲን አቶሞች ብዛት ያመለክታሉ። ሆርሞኖቹ ሰውነት ጉልበት የሚያወጣበትን ፍጥነት፣ የልብ ምትን፣ የሰውነት ሙቀትን፣ የአንጀት እንቅስቃሴንና የሕፃናትን የአእምሮ ዕድገት ይቆጣጠራሉ። ከአንጎል ሥር ያለው የፒቱታሪ ዕጢ ደግሞ ቲኤስኤች የተባለ ሆርሞን እየላከ ታይሮይድን ያዛል። የታይሮይድ ሆርሞን ሲያንስ ቲኤስኤች ከፍ ይላል፤ ሲበዛ ቲኤስኤች ይወርዳል።

አዮዲን ሲጎድል ዕጢው ያለችውን ጥቂት አዮዲን ለመያዝ ይሰፋል፤ እንቅርት የሚባለው ይህ እብጠት ነው። ብዙ ጊዜ ዕጢው በመስፋቱ ጉድለቱን ስለሚያካክስ ሰውየው ድካም ላይሰማው ይችላል። ጉድለቱ ከበረታ ግን ሆርሞኑም ያንሳል። ከአዮዲን እጥረት ሌላ የሰውነት መከላከያ ራሱ ዕጢውን የሚያጠቃበት ሃሺሞቶ የተባለ በሽታ አለ፤ በሴቶች ላይ ከወንዶች ይልቅ በብዛት ይታያል። አንዳንድ እናቶችም ከወሊድ በኋላ ባሉት ወራት የታይሮይድ መቆጣት ያጋጥማቸዋል።

አካባቢውና አዮዲን

አዮዲን በብዛት የሚገኘው በባሕር ውስጥ ነው። በተራራማ አገር ዝናብና ጎርፍ አዮዲኑን ከአፈሩ እያጠቡ ስለሚወስዱት በዚያ የሚበቅለው እህልና የሚግጡት ከብቶች አዮዲን ያንሳቸዋል። የሀዲያና የከምባታ ቤተሰብ አብዛኛውን ምግቡን ከእንሰት፣ ከድንች፣ ከጎመን፣ ከእህልና ከወተት የሚያገኝ በመሆኑ ከባሕር የሚመጣ ምግብ በገበታው ላይ እምብዛም አይገኝም። በጎመን ውስጥ የዕጢውን አዮዲን መያዝ የሚያዳክሙ ንጥረ ነገሮች ቢኖሩም ሲበስል ይቀንሳሉ። ጉዳታቸውም የሚታየው በዋናነት አዮዲን በጎደለበት ቦታ ነው። ስለዚህ መፍትሔው ጎመን መተው ሳይሆን አዮዲን ማግኘት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ አገር አቀፍ ጥናት ከ6 እስከ 12 ዓመት ከሆኑ ሕፃናት 39.9 በመቶ የሚሆኑት እንቅርት እንዳለባቸው አሳይቷል። በዚያን ጊዜው የደቡብ ብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል፣ ሀዲያና ከምባታም በሚገኙበት፣ ቁጥሩ ከግማሽ በላይ ነበር።

የጨው ጉዳይ

ጎልማሳ በቀን 150፣ ነፍሰ ጡር ደግሞ 250 ማይክሮግራም አዮዲን ያስፈልጋቸዋል። ይህን በቀላሉ ወደ ሁሉም ቤት የሚያደርሰው ጨው ነው። ከኢትዮ-ኤርትራ ጦርነት በፊት አገሪቱ አዮዲን ያለበትን ጨው በብዛት የምታገኘው ከአሰብ ነበር። ጦርነቱ በ1990 ዓ.ም. ሲጀመር ይህ መንገድ ተዘጋና ገበያው አዮዲን ያልተጨመረበትን የአፋር ጨው፣ በተለይም የአፍዴራን፣ መጠቀም ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ2011 የሚኒስትሮች ምክር ቤት ለምግብ የሚውል ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት የሚያስገድድ ደንብ ቁጥር 204ን አወጣ። የሕዝብና ጤና ጥናቶች እንዳሳዩት አዮዲን ያለበት ጨው የተገኘባቸው ቤቶች እ.ኤ.አ. በ2011 15 በመቶ ነበሩ፤ በ2016 ወደ 89 በመቶ ደርሰዋል።

ጨው አዮዲን አለበት ማለት ግን በቂ አለበት ማለት አይደለም። አዮዲን በፀሐይ፣ በእርጥበትና በረጅም ጊዜ ማብሰል ይቀንሳል። ስለዚህ ጨው ክዳን ባለው ዕቃ ከምድጃና ከጢስ ርቆ ይቀመጣል፣ አይታጠብም፣ ወጥ ውስጥም ከእሳት ሊወርድ ሲል ይጨመራል።

አዮዲን ለረጅም ጊዜ ጎድሎ በቆየበት አካባቢ ጨው ላይ በድንገት ሲጨመር፣ አሮጌ እብጠት ያለባቸው አንዳንድ ሰዎች ሆርሞናቸው ከመጠን በላይ ሊሆን ይችላል። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በዚምባብዌ ይህ ታይቷል። ይህ ጨው ለማቆም ምክንያት ባይሆንም እብጠት ያለበት ሰው ልቡ መምታት ሲበዛበትና ክብደቱ ሲቀንስ ለመመርመር ምክንያት ነው።

ምልክቶች

ሆርሞን ሲያንስ ድካም፣ ብርድ አለመቻል፣ የሆድ ድርቀት፣ የቆዳ ድርቀት፣ የፀጉር መርገፍ፣ የድምፅ መሻከር፣ የክብደት መጨመር፣ የወር አበባ መብዛትና የማስታወስ መዘግየት ይታያሉ። ምልክቶቹ በዝግታ ስለሚመጡ በሽተኛው ራሱ ዕድሜው ወይም ሥራው ያመጣው ይመስለዋል። ሆሳዕና ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ብርዳማ ከተማ በመሆኗም ጋቢ መደራረብ ማንንም አያስደንቅም።

ሆርሞን ሲበዛ በተቃራኒው ልብ ይመታል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ሙቀት ያስቸግራል፣ ሰውየው እየበላ ይከሳል። እዚህም ድካም አለ።

ሌሎች የድካም ምክንያቶች

በአካባቢው ለዘላቂ ድካም ከታይሮይድ ይልቅ በብዛት ምክንያት የሚሆነው የደም ማነስ ነው፤ በተለይ በነፍሰ ጡሮችና በቅርብ ርቀት በተደጋጋሚ በወለዱ እናቶች ዘንድ። በከፍታ ቦታ የሚኖር ሰው የሄሞግሎቢን መጠኑ በተፈጥሮ ከፍ ስለሚል፣ ለቆላ የተሠራው መለኪያ «ጤናማ» የሚለው ውጤት በደጋ የደም ማነስ ሊሆን ይችላል። ወደ ግቤና ወደ ብላቴ ሸለቆ ለሥራ የወረደ ሰው ወባ ይጠረጠርበታል። የሳንባ ነቀርሳ፣ የስኳር በሽታ፣ የአንጀት ጥገኛ ትላትል፣ ኤችአይቪ፣ የልብና የኩላሊት ሕመምም ያደክማሉ።

ድባቴም እንዲሁ። ከሀዲያና ከከምባታ ብዙ ወጣት ወንዶች ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄደዋል። እርሻውን፣ ልጆቹንና የዕዳውን ሐሳብ ይዛ የቀረች ሴት ደከመኝ ስትል «ሐሳብ ነው» ይባላል። ሐሳብ ሊሆን ይችላል፤ ግን ሳይመረመር የሚሰጥ ፍርድ የሚድነውን በሽታ ይደብቃል። ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ ሲገናኙም «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚባለው ዓይነት ይሆናል።

ምርመራ

የመጀመሪያው እርምጃ ጤና ጣቢያ ሄዶ የደም ማነስ፣ የስኳር፣ የወባና እንደ አስፈላጊነቱ የሌሎች በሽታዎች ምርመራ ማድረግ ነው። ታይሮይድ ከተጠረጠረ ቲኤስኤች ይለካል። ለጎልማሶች ጤናማው መጠን በአብዛኛው ከ0.4 እስከ 4 አካባቢ ነው። ቲኤስኤች ከፍ ብሎ ቲ4 ዝቅ ካለ ሆርሞን አንሷል። ቲኤስኤች ብቻ ጥቂት ከፍ ካለ መድኃኒት ከመጀመር በፊት ከሁለት ወይም ከሦስት ወር በኋላ ምርመራው ይደገማል። ሁለቱም ጤናማ ከሆኑ ድካሙ ከታይሮይድ አይደለም፤ ሌላ ምክንያት ይፈለጋል። የአልትራሳውንድ ምርመራ የዕጢውን ቅርጽና እብጠት ያሳያል እንጂ የሆርሞኑን መጠን አይናገርም።

ሕክምና

ለሆርሞን ማነስ የሚሰጠው ሌቮታይሮክሲን በየቀኑ የሚዋጥ እንክብል ነው። ጠዋት በባዶ ሆድ በውኃ ብቻ ይወሰዳል። ምግብና ቡና ቢያንስ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ይቆያሉ፤ ቡና መድኃኒቱን ወደ ደም እንዳይገባ ይቀንሰዋልና። ለነፍሰ ጡሮች የሚታደለው የብረት እንክብልም የአራት ሰዓት ልዩነት ይፈልጋል። መጠኑ ትክክል መሆኑ ከ6 እስከ 8 ሳምንት በኋላ በቲኤስኤች ይታያል። ሲሻል መድኃኒቱን በራስ ማቆም በሽታውን ይመልሰዋል። ያረገዘች ታካሚ አብዛኛውን ጊዜ ከፍ ያለ መጠን ስለሚያስፈልጋት ማርገዟን እንዳወቀች ለሐኪም መንገር አለባት፤ በመጀመሪያዎቹ ወራት የፅንሱ አእምሮ የሚያድገው በእናቱ ሆርሞን ነው።

ሆርሞን ለበዛበት የዕጢውን ምርት የሚቀንሱ መድኃኒቶች አሉ። እንቅርት መተንፈስን ወይም መዋጥን ካስቸገረ ቀዶ ሕክምና ይታሰባል። አሮጌ ትልቅ እንቅርት በአዮዲን ጨው ብቻ አይጠፋም። በአንዳንድ የኢትዮጵያ ክፍሎች እንቅርትን ለማዳን ሲባል አንገትን መብጣት ወይም መንቀስ የተለመደ ነበር። ይህ ሆርሞኑን አይለውጥም፤ ለደም መፍሰስና ለኢንፌክሽን ግን ያጋልጣል።