ላንጋኖ ልሂድ? ሐይቁን ብቻ ሳይሆን ወሩንም ምረጡ

 

መስቀል ሲቃረብ ኢንቦክሴ በአንድ ዓይነት ጥያቄ ይሞላል፦ «ዶክተር፣ ከበዓሉ በኋላ ለሁለት ቀን የትኛው ሐይቅ ብንሄድ ይሻላል?» እኔ ያለሁት እንሴኖ ነው፤ ከቡታጅራ ወደ ዝዋይ በሚወስደው መንገድ ላይ። ከአዲስ አበባ የመጣው እንግዳ ክትፎውን በቆጮ በልቶ፣ በአባቶች ተመርቆ ሲያበቃ «እዚህ ድረስ መጥተን ሐይቅ ሳናይ እንመለስ?» ይልና ወደ ስምጥ ሸለቆው ይወርዳል።

ባለፈው ዓመት ይህንኑ የጠየቀኝ አንድ አብሮ አደጌ ነበር። ከባለቤቱ ጋር ለመስቀል መጥተው ነው። «ዝዋይ ሐይቅ ውስጥ አትግቡ፣ ቢልሃርዝያ አለ። ላንጋኖ ሂዱ፣ እዚያ ዋኙ» አልኩት። ምክሬ ትክክል መስሎኝ ነበር። ግማሹ ትክክል ነበር።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሌሊት ከአዲስ አበባ ደወለ። «ባለቤቴን ትኩሳት ከያዛት አራት ቀኗ ነው። ታይፎይድ ነው ብለው መድኃኒት ሰጧት፤ ግን ብሶባታል።» የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ናት። «ላንጋኖ ሄዳችሁ እንደነበር ተናገራችሁ?» አልኩት። ዝም አለ። የጠየቃቸው አልነበረም፣ እነሱም አላነሱትም። «አሁኑኑ ሆስፒታል ውሰዳት፣ የወባ ምርመራ ይደረግላት» አልኩት። ፋልሲፓረም የሚባለው ከባዱ የወባ ዓይነት ተገኘባት። ተኝታ በመርፌ ታከመች። ተመስገን፣ እሷም ልጇም ደህና ናቸው። (ታሪኩን የጻፍኩት አስፈቅጄ ነው፤ ማንነታቸውን የሚገልጽ ነገር አላነሳሁም።)

እኔ ስለ ውኃው አስቤ ስለ ወሩ ረሳሁ። እርግዝናዋንም አልጠየቅኩም። ስለዚህ ዘንድሮ ለምትጠይቁኝ ሁሉ የምመልሰው ሁለቱን አንድ ላይ ነው።

1. የት? ውኃውን እወቁ

የቢልሃርዝያ ትል የሚኖረው ጨዋማ ባልሆነ ውኃ ውስጥ ነው። በዳርቻው ካሉ ትናንሽ ቀንድ አውጣዎች ይወጣና በደቂቃዎች ውስጥ ቆዳችንን በስቶ ይገባል። አያምም፣ ቁስልም አይተውም። በዝዋይ፣ በሐዋሳና በጣና ሐይቆች አካባቢ በሽታው መኖሩ በጥናት የታወቀ ነው። በእነዚህ ቦታዎች በጀልባ መንሸራሸር፣ ዓሣ መብላት፣ ፎቶ መነሳት ይቻላል፤ እግርን ነክሮ መቀመጥና መዋኘት ግን ይቅርባችሁ። ላንጋኖ ቀለሙ ቡናማ ስለሆነ ብዙ ሰው «ቆሻሻ ነው» ብሎ ይሸሸዋል። ግን ከቢልሃርዝያ ነፃ በመባል የሚታወቀው እሱ ነው። ጫሞ ደግሞ አዞ አለበት፤ እሱን ማስረዳት አያስፈልገኝም።

ገብታችሁ ከነበረ አትደንግጡ፤ መድኃኒት አለው። ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ የሰገራ ምርመራ አድርጉ። በነገራችን ላይ የእኛው ሳይንቲስት አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. ዓድዋ ላይ እናቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አገኘ። እንዶድ በዓለም የታወቀው ከዚያ በኋላ ነው።

2. መቼ? ወሩን እወቁ

ወባ በአገራችን በብዛት የሚታየው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በታች በሆኑ ቦታዎች ነው። የስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን እዚያ ውስጥ ይወድቃሉ። ዋናው ወቅት ክረምቱ ሲወጣ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው። ሁለተኛው ከበልግ ዝናብ በኋላ፣ ሚያዝያና ግንቦት አካባቢ ይመጣል። እንግዲህ አስቡት፦ መስቀል የሚውለው ልክ ትንኟ በምትበዛበት ጊዜ ነው!

ለመዝናናት የምመርጥላችሁ ጥርና የካቲት ነው። ደረቅ ነው፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ ወባም ይቀንሳል (ጨርሶ ይጠፋል ማለት ግን አይደለም)። ጥር ላይ የምትሞሸሩ ለጫጉላ ላንጋኖን ብታስቡ ጥሩ ነው።

በመስከረም የግድ ከሄዳችሁ፦
• አጎበር ከቤት ይዛችሁ ሂዱ። «ሆቴሉ ይኖረዋል» አትበሉ። ድንኳን የምትተክሉም እንዲሁ።
• ከመሸ በኋላ እሳት ዳር ስትጫወቱ እጅጌውና እግሩ ረጅም ልብስ ልበሱ፣ የትንኝ መከላከያ ቅባት ተቀቡ። ትንኟ እስክትተኙ አትጠብቅም።
• የመከላከያ ኪኒን አለ፤ ግን ከመሄድ በፊት ተጀምሮ ከተመለሱ በኋላም የሚቀጥል ነው። ለነፍሰ ጡርና ለሕፃን የማይሰጥም አለና ሐኪም ሳታማክሩ አትጀምሩ።
• ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ ወይም ትንሽ ልጅ ካላችሁ ጉዞውን ወደ ጥር አዛውሩት። ሐይቁ የትም አይሄድም።

አንድ ነገር ልጨምር፦ በብዙ የሐይቅ ዳርቻዎቻችን ዋናተኛ ጠባቂ የለም። ቢራ ጠጥቶ ውኃ ውስጥ መግባት ከትንኟም ከትሉም ፈጥኖ ይገድላል።

3. «እኔ እንኳን የማስበው ግብፅ ነው»

ወደ ሻርም ኤል ሼክና ሁርጋዳ ለመሄድ ገንዘብ እያጠራቀማችሁ የምትጽፉልኝም አላችሁ። ደስ ይላል! ግብፅ በጥቅምት 2024 እ.ኤ.አ. ከዓለም ጤና ድርጅት ከወባ ነፃ የመሆን ማረጋገጫ አግኝታለች፤ ሞሮኮና አልጄሪያም ቀድመው አግኝተዋል። ቢልሃርዝያም በባሕር ውኃ ውስጥ አይኖርም። ዓባይ ላይ ግን ወንዙ ውስጥ አትግቡ፤ በሽታው ስሙን ያገኘው በ1851 ካይሮ ላይ ትሉን ካገኘው ጀርመናዊ ሐኪም ከቢልሃርዝ ነው።

እዚያ ዋናው ጠላት ፀሐይ ነው። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል፤ ለደጋ ልጅ ይከብዳል። ሚያዝያ ወይም ጥቅምትና ኅዳር ምረጡ። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድም ትጠየቃላችሁ፤ ክትባቱን ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን ቀደም ብላችሁ ውሰዱ። ቢጫ ወባና ወባ ስማቸው ይመሳሰላል እንጂ የተለያዩ በሽታዎች ናቸው፤ ክትባቱ ለላንጋኖ ወባ አያገለግልም።

በመጨረሻ

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙ፦ ከቆላ በተመለሳችሁ በሳምንታት ውስጥ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት ወይም ራስ ምታት ከመጣ «ምች ነው» ብላችሁ አትተኙ። በዚያው ቀን ሄዳችሁ ደማችሁን ተመርመሩ። ቫይቫክስ የሚባለው ወባ ከወራት በኋላም ሊነሳ ይችላል። የሚያክማችሁ ሰው ባይጠይቃችሁ እንኳ እናንተ ቀድማችሁ «ከዚህ ቦታ ነው የተመለስኩት» በሉ። አብሮ አደጌ ይህችን አንድ ዓረፍተ ነገር በመጀመሪያው ቀን ቢናገር ኖሮ አራቱ ቀናት አይባክኑም ነበር።

ለበዓል ወደ አገር ቤት ለሚወርድ ወዳጃችሁ ሼር አድርጉለት። ጥያቄ ካላችሁ ኮመንት ላይ ጻፉልኝ፤ የምትሄዱበትን ቦታ ብቻ ሳይሆን ወሩንም ጨምራችሁ።

መልካም በዓል፣ መልካም ጉዞ! ጤናችሁ ይብዛ!