በላስቲክ ቤት ስለሚለማ ቲማቲም፤ ስለ ተክሉ ርቀትና ስለ ግንዱ አያያዝ

የወረዳ ሹም ቲማቲም የተተከለበትን የላስቲክ ቤት ሊጐበኝ በገባ ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስንት ችግኝ እንደ ተተከለ ነው። ቍጥሩ የበዛ እንደ ሆነ ደስ ይለዋል፤ የትጋት ምልክት አድርጎም በመዝገቡ ይጽፈዋል። ነገር ግን የችግኝ መብዛት የምርት መብዛት አይደለም። ተጠጋግቶ የተተከለ ቲማቲም በመጀመሪያው ወር ቤቱን በልምላሜ ሞልቶ ዓይን ይማርካል፤ በመከር ጊዜ ግን ፍሬው እንደ ቀጋ አንሶ ይገኛል፤ ነጋዴውም አይቶ ይተወዋል። ላስቲኩና ዘሩ በብድር የተገዛ ሲሆን ኪሳራው በገበሬው ጫንቃ ላይ ይወድቃል።

የነገሩ ምክንያት ብርሃን ነው። ተክል ምግቡን የሚያዘጋጀው ቅጠሉ በሚቀበለው ብርሃን ነውና፣ በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ 3 ካሬ ሜትር ያህል ቅጠል ከተዘረጋ ከሚወርደው ብርሃን አብዛኛውን ይቀበለዋል። ከዚያ በላይ የሚጨመረው ቅጠል ጥላ ከመሆን በቀር ትርፉ ጥቂት ነው። ስለዚህ ችግኙ እየተቀራረበ በሄደ መጠን የእያንዳንዱ ተክል ምርት ይቀንሳል፤ የመሬቱ ጠቅላላ ምርት ግን እስከ አንድ ልክ ድረስ ይጨምራል። ልኩ ካለፈ በኋላ የሚበዛው ለገበያ የማይበቃው ትንንሽ ፍሬ ነው፤ በቅጠሉም መካከል ነፋስ ስለማያልፍ እርጥበቱ ሻጋታ ያመጣል።

በዚህ ሥራ እጅግ የሠለጠኑት፣ በኔዘርላንድ አገር በዌስትላንድ ያሉ አትክልተኞች፣ የሚቈጥሩት ተክሉን ሳይሆን ግንዱን ነው። ብርሃን በሚያንስበት በአገራቸው ብርድ ወራት በካሬ ሜትር 2.5 ያህል ግንድ ያቆማሉ። ፀሐይ እየበረታች ስትሄድ ከአንዳንዱ ተክል አንድ የጎን ቀንበጥ ሳይቈርጡ በመተው የግንዱን ቍጥር ከ3 በላይ ያደርሱታል። ግንዱን በሲባጎ ሰቅለው በየጊዜው ዝቅ ስለሚያደርጉት በዘመኑ መጨረሻ ርዝመቱ ከ10 ሜትር ያልፋል፤ ምርቱም በካሬ ሜትር ከ50 ኪሎ ይበልጣል። ይህ ሁሉ በማሞቂያና በብዙ ወጪ የሚገኝ ስለሆነ በኢትዮጵያ ያለው ቀላል የላስቲክ ቤት በእርሱ ሊመዘን አይገባም። ሊወሰድ የሚገባው ግንድን ከብርሃን ጋር የማመዛዘኑ ልማድ ነው።

በኢትዮጵያ የቀኑ ርዝመት ብዙ አይለዋወጥም፤ ብርሃኑን የሚቀንሰው የክረምት ደመና ነው። እንግዲህ ፍሬው በሐምሌና በነሐሴ የሚደርስ ተክል በበጋ ከሚደርሰው ይልቅ ሰፋ ተደርጎ ይተከል። በረድፎች መካከል 1 ሜትር ትቶ፣ ተክሉን በየ30 ሳንቲ ሜትር ተክሎ በአንድ ግንድ የሚያሳድግ ገበሬ በ100 ካሬ ሜትር 333 ያህል ግንድ ያገኛል። ጎረቤቱ በየ60 ሳንቲ ሜትር ተክሎ በሁለት ግንድ ቢያሳድግ በግማሹ ችግኝ ያንኑ ያህል ግንድ ያቆማል። የሁለተኛው ግንድ የመጀመሪያ ፍሬ ጥቂት ይዘገያል እንጂ ውድ ለሆነው ዘር የሚወጣው ገንዘብ በግማሽ ይቀንሳል። ችግኝ ብቻ የሚቈጥር መዝገብ ግን ይህን ሰው ሰነፍ ያሰኘዋል።

ለሁለተኛ ግንድነት የሚመረጠው ከመጀመሪያው የአበባ ዘለላ በታች ያለው ብርቱ ቀንበጥ ነው። በቅጠሉ ብብት የሚወጣው ሌላው ቀንበጥ ሁሉ ገና ጣት ሳያክል፣ በጧት፣ በእጅ ተቀንጥሶ ይጣል፤ ቍስሉ በቀን ሙቀት ይደርቃልና። ቢላዋ ከታመመው ተክል ወደ ጤነኛው በሽታ ያሻግራል። ትንባሆ የሚያጨስ ሠራተኛም የትንባሆ ቫይረስ በእጁ እንዳይተላለፍ አስቀድሞ በሳሙና ይታጠብ። ከታች ያለው ቅጠል ፍሬው ከተለቀመ በኋላ ይነሣል፤ ከላይ ያለውን መግፈፍ ግን ፍሬውን በፀሐይ ያስመታል።

ከሁሉ የሚከፋው ስሕተት የዘሩን ዓይነት ሳይለዩ መግረዝ ነው። እስካሁን የተነገረው ቁመቱ ሳይወሰን ለሚያድገው ዓይነት ነው። መልካሾላና ሮማ ቪ ኤፍ ግን ቁመታቸው የተወሰነ ነው፤ ዋናው ግንድ በአበባ ያበቃል፤ ፍሬውም አብዛኛው በጎን ቅርንጫፎቹ ላይ ነው። እነዚህን በአንድ ግንድ ለማሳደግ የገረዘ ሰው መከሩን በገዛ እጁ ቈርጦ ይጥላል። ይህም የሚደርሰው ትጉህ በሆነው፣ የሰማውን ምክር ሳያጓድል በሚፈጽመው ገበሬ ላይ ነው፤ ስለዚህ መካሪው ከመናገሩ በፊት የዘሩን ስም ይጠይቅ።

ጐብኚው ሹም በመዝገቡ ሊያሰፍር የሚገባው የዘሩን ስም፣ በካሬ ሜትር የቆመውን ግንድ፣ የተተከለበትን ወር፣ በየሳምንቱም ተመዝኖ ለገበያ የበቃውንና የተጣለውን ፍሬ በየራሱ ነው።