ጥርስ ከተነቀለ በኋላ የረጋው ደም ለምን አይነካም?

ጥርስ በመንጋጋ አጥንት ውስጥ እንደ ምስማር ተመትቶ የገባ አይደለም። ሥሩን ከአጥንቱ ጋር የሚያያይዙት ከግማሽ ሚሊ ሜትር በማይበልጥ ክፍተት ውስጥ የተዘረጉ ጠንካራ ክሮች ናቸው። በመሆኑም የጥርስ ሐኪም ጥርስን በኃይል ከመሳብ ይልቅ ወዲያና ወዲህ እያነቃነቀ ክሮቹን ይበጥሳል፤ ጥርሱ የተተከለበትንም ጉድጓድ ቀስ በቀስ ያሰፋል።

አስቀድሞ ማደንዘዣ ይወጋል። በብዛት የሚያገለግለው ሊዶኬይን እ.ኤ.አ. በ1943 በስዊድናዊው ኬሚስት ኒልስ ሎፍግሬን የተሠራ ሲሆን፣ የሶዲየም አዮኖች ወደ ነርቭ የሚገቡባቸውን በሮች በመዝጋት የሕመም መልእክት ወደ አንጎል እንዳይደርስ ያግዳል። ግፊትን የሚያስተላልፉት ወፍራም ነርቮች ግን ማደንዘዣውን ይበልጥ ስለሚቋቋሙ፣ መገፋትና መነቃነቅ ቢሰማን ልንደነግጥ አይገባም። የሚወጋ ሕመም ከተሰማን ግን ወዲያውኑ ለሐኪሙ እናሳውቅ።

ዋናው ጥንቃቄ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ጥርሱ የወጣበት ጉድጓድ ደም ይሞላና ይረጋል። አንዳንዶቻችን ይህን ደም እንደ ቆሻሻ ቆጥረን ደጋግመን እንተፋለን፤ በውኃ ወይም በአረቄ እንጉመጠመጣለን። ይሁን እንጂ የረጋው ደም የቁስሉ ተፈጥሯዊ መሸፈኛ ነው። አጥንቱንና የነርቭ ጫፎችን ይጋርዳል፤ አዲስ ሥጋም የሚያድገው በእርሱ ላይ ነው። ከቦታው ከለቀቀ አጥንቱ ይገለጣል፤ በጥቂት ቀናት ውስጥም እስከ ጆሮ የሚዘልቅ ብርቱ ሕመምና መጥፎ ጠረን ሊከተል ይችላል። ሐኪሞች ይህን ችግር «ደረቅ ጉድጓድ» ይሉታል።

ስለዚህ የተሰጠንን ጎዝ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ አጥብቀን እንንከስ። ለ24 ሰዓታት ከመጉመጥመጥ፣ ከመትፋት፣ በስትሮ ከመምጠጥ፣ ከትኩስ ቡናና ከአልኮል እንቆጠብ፤ ከሲጋራ ግን ለተጨማሪ ቀናት መራቅ ይገባል። ድንዛዜው እስኪለቅም ከንፈራችንንና ምላሳችንን እንዳንነክስ ምግብ እናቆይ። አስፕሪን የደምን መርጋት ስለሚያውክ ለሕመሙ ማስታገሻ አንውሰደው፤ በሐኪም ትእዛዝ ለሌላ በሽታ የሚወስድ ሰው ግን በራሱ ፈቃድ አያቋርጥ። በማግስቱ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውኃ በጥብጦ በዝግታ መጉመጥመጥ ይቻላል።

በመጀመሪያው ቀን ምራቅ ቢቀላ፣ ጉንጭም ጥቂት ቢያብጥ የተለመደ ነው። ደሙ በጎዝ ተጭነነው አልቆም ካለ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ ወይም ሕመሙ ከቀነሰ በኋላ እንደገና ከበረታ ወደ ሐኪም እንመለስ። እብጠቱ መዋጥን ወይም መተንፈስን ካስቸገረ ደግሞ ለአንድ ሰዓት እንኳ መዘግየት አይገባም። ድዱ በሳምንታት፣ አጥንቱ በወራት ይሞላል፤ የዚህ ሁሉ መሠረት ግን በመጀመሪያው ቀን ሳንነካው የተውነው የረጋ ደም ነው።