ከባቱ ወይን እስከ ላንጋኖ ዳርቻ፦ ከሰኞ በፊት የነበሩን ሁለት ቀናት

ባለቤቴ ሰኞ መልስ መስጠት ነበረበት። ዱባይ የሁለት ዓመት የሥራ ኮንትራት ቀርቦለታል። «ልሂድ ወይስ ልቅር?» የሚለውን ግን አንድም ቀን ቁጭ ብለን አላወራነውም። እሱ የሌሊት ተረኛ ነው፣ እኔ ቀን ነው የምሠራው። አንድ ቤት እየኖርን የምንገናኘው በቴሌግራም ነው፦ «ወጡ ፍሪጅ ውስጥ ነው»፣ «መብራት ከፍለሃል?»፣ ከዚያ አንድ ላይክ። በቃ።

ረቡዕ ማታ «ቅዳሜ ባሕር ዳርቻ እንሂድ» ብዬ ጻፍኩለት። የሚስቅ ምስል ላከልኝ። እውነት ነው፣ ባሕር የለንም። ላንጋኖ ግን አለን። መንገድ ላይ ደግሞ ባቱ አለች፤ ብዙዎቻችን አሁንም ዝዋይ የምንላት፣ የወይን እርሻ ያላት ከተማ።

ቅዳሜ ማለዳ ከቃሊቲ መናኸሪያ ተሳፈርን። ባቱ ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። እኛ ስንሄድ መንገዱ ሰላም ነበር፤ እናንተ ግን ከመነሳታችሁ በፊት የሰሞኑን ሁኔታ ጠይቁ። ባለቤቴ ሌሊቱን ሲሠራ ስላደረ ሞጆ ሳንደርስ ትከሻዬ ላይ ተኛ። እኔም አልቀሰቀስኩትም።

ምሳችንን ሐይቁ ዳር በላን፦ ጥብስ ቆሮሶ በዳጣ። አሳ አጽጂዎቹ አጠገብ አባ ኮዳዎቹ እንደ ሽማግሌ ቆመው ድርሻቸውን ይጠብቃሉ። ጊዜ ያለው ሰው በጀልባ ወደ ቱሉ ጉዶ ደሴት ይሻገራል። እኛ የወይን ጠጅ ፋብሪካው ቀጠሮ ስለነበረን በባጃጅ ወደዚያው አመራን። እናንተም ቀድማችሁ ደውሉ እንጂ ዝም ብላችሁ በር ላይ እንዳትቆሙ።

የካስቴል ወይን እዚህ የተተከለው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። «ሪፍት ቫሊ» እና «አካሺያ» የሚሉት ጠርሙሶች ገበያ የወጡት ደግሞ በ2014። ሜርሎ፣ ሲራ፣ ካበርኔ ሶቪኞን፣ ሻርዶኔ በረድፍ በረድፍ ቆመዋል። ጉማሬና ዘንዶ እንዳይገባ የእርሻው ዙሪያ በቦይ ታጥሯል። ይህን ስሰማ ስልኬን አውጥቼ ቪዲዮ መቅረጽ ጀመርኩ።

ስልኬን ያስቀመጥኩት አስጎብኚው ስለ ግርዛት ሲናገር ነው። አውሮፓ ውስጥ ብርዱ ሲመጣ ወይኑ ቅጠሉን አራግፎ ይተኛል። እዚህ እንዲያ ያለ ብርድ ስለሌለ ተክሉ ዓመቱን ሙሉ ልደግ ይላል። ስለዚህ ሰው ገርዞ ማሳረፍ አለበት። ካላሳረፉት ቅጠል ያበዛል እንጂ ደህና ፍሬ አይሰጥም።

ባለቤቴ ዞር ብሎ አየኝ። ምንም አላለም። እኔም አላልኩም።

ቀመስን፣ አንድ ጠርሙስ ቀይ ገዛን። መኪና ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ግን የሚነዳው ሰው አይቅመስ።

ላንጋኖ ስንደርስ ሊመሽ ነው። በስልክ ያየነው ክፍል ፊቱ ሐይቁ ነበር፤ የተሰጠን ክፍል ፊቱ ጄኔሬተር ነው። ከሂሳብ ክፍያ በፊት «የክፍሉን ቪዲዮ ላኩልኝ» ማለት ይሻላል፤ ይኸው ተምረናል። ሻንጣውን ጥለን ወደ ውኃው ወረድን። ላንጋኖ በደለሉ ምክንያት ወተት የበዛበት ሻይ ይመስላል። ቢልሃርዚያ የለበትም ስለሚባል ግን ሰው ሳይፈራ ይዋኝበታል።

ኔትወርክ እየመጣ ይሄዳል። አሸዋው ላይ ቁጭ እንዳልን እሱ ጀመረ።

«ሂድም ቅርም ብለሽኝ አታውቂም።»

«አንተስ መቼ ጠየቅኸኝ?»

ዝም አለ። እኔ የፈራሁትን ነገርኩት፦ ባሌ ስልክ ውስጥ ብቻ የሚኖር ሰው እንዳይሆን። «አሁንስ የት ነው የምኖረው?» አለኝ። መልስ አጣሁ።

ከዚያ እሱም የደበቀኝን አወጣ። ለእናቱ ሕክምና ብድር ወስዶ ነበር። እኔ እንዳልጨነቅ ብሎ በትርፍ ሰዓት ሥራ ብቻውን ሲከፍል ከርሟል። ለካ የሌሊት ተራውንም ራሱ ነው የጠየቀው፤ አበል ስላለው። ዱባይም ለዚሁ ነበር። አለቀስኩ፤ መጀመሪያ በንዴት፣ ቀጥሎ በሌላ ነገር። ለእናቱ ሾርባ ስወስድ የነበርኩት እኔ ነኝ እኮ! እንዴት አይነግረኝም?

እሁድ ጠዋት ከዋኘን በኋላ የሆቴሉ ሶፍት ላይ ሒሳብ ሠራን። የሁለታችን ደሞዝ፣ የቤት ኪራይ፣ ብድሩ። ሁለታችን ከከፈልነው በ14 ወር ያልቃል። ለ14 ወር ብድር ሁለት ዓመት መለያየት ለኛ አልታየንም። ሌላ ባልና ሚስት ሒሳቡን ቢሠሩት ሌላ መልስ ሊወጣላቸው ይችላል፤ እነሱንም አልፈርድባቸውም። እኛ ግን ሒሳቡን አብረን ሠርተነው አናውቅም ነበር።

ሰኞ «አልመጣም፣ አመሰግናለሁ» ብሎ መለሰ። ወደ ቀን ሥራ ይዛወር ዘንድም ማመልከቻ አስገብቷል፤ ገና አልተፈቀደለትም። እስኪፈቀድ እሁድ እሁድ እስከ ምሳ ሁለቱም ስልኮች መሳቢያ ውስጥ ናቸው። የባቱው ወይን ቁም ሣጥን ላይ ተቀምጧል። የሚከፈተው የብድሩ የመጨረሻ ክፍያ ቀን ነው።

ሶፍቱንም ፍሪጁ በር ላይ ለጥፌዋለሁ። ሁለት ወር ተሰርዟል፣ 12 ይቀራል።