ከቦርሳው ያልወጣችው ወረቀት
ልጆቻችን ሥራን በዓይናቸው እንዲያዩ ስለሚላኩባቸው ጥቂት ቀናት

ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንዲት ወረቀት ነው። በዕብራይስጥ የተጻፈች፣ ከታች «የወላጅ ፊርማ» የሚል መስመር ያለባት ወረቀት ናት። ልጃችሁ ከትምህርት ቤት ይዟት ይመጣል፤ ብዙ ጊዜ ግን ከቦርሳው ሳትወጣ ትቀራለች። ወይ ይረሳታል፤ ወይ «እነሱ አይገባቸውም» ብሎ ራሱ ይፈርምባታል፤ ወይ ደግሞ እናንተ አይታችሁ «ትምህርቱን ትቶ ሥራ ግባ ይሉታል እንዴ!» ብላችሁ ትመልሷታላችሁ።

ወረቀቷ የምትለው ግን ይህን ነው። ተማሪው ለአንድ፣ ለሁለት ወይም ለሦስት ቀን፣ አንዳንዴም በትልቁ ዕረፍት ለሁለት ሳምንት ያህል፣ ወደ አንድ የሥራ ቦታ ይሄዳል። እዚያ አንድ ባለሙያ ይመደብለታል። ባለሙያው ሲሠራ አጠገቡ ሆኖ ያያል፣ ይጠይቃል፣ የሚቻለውን ትንሽ ነገር ይሞክራል። ሲመለስ ያየውን ጽፎ ለመምህሩ ያቀርባል። ቦታው የሆስፒታል ላቦራቶሪ ሊሆን ይችላል፤ መድኃኒት ቤት፣ የጠበቃ ቢሮ፣ የኮምፒውተር ድርጅት፣ ጋራዥ ወይም የከተማ አስተዳደሩ የመሐንዲሶች ክፍል ሊሆን ይችላል።

ይህ ለእኛ አዲስ ነገር ነው ወይ? አይደለም። አባቴ ቄስ ነበሩ። ፊደል ያስቆጠሩኝ እሳቸው ናቸው፤ ኦሪትን በግዕዝ ያስነበቡኝም እሳቸው ናቸው። ቅስናን ግን በመጽሐፍ ብቻ አልተማሩትም። ለዓመታት አንድ ትልቅ ቄስ ከኋላ ከኋላ እየተከተሉ፣ ለቅሶ ቤት እንዴት እንደሚገባ፣ የተጣሉ ጎረቤቶች እንዴት እንደሚታረቁ፣ መቼ መናገር መቼ ዝም ማለት እንደሚገባ አይተው ነው የተማሩት። የአንጥረኛው ልጅም መዶሻ ከመያዙ በፊት ወናፍ ይነፋ ነበር። የሸክላ ሠሪዋ ልጅ ድስት ከማበጀቷ በፊት ጭቃ ትረግጥ ነበር። ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል ይባል የለ? ልጁ እያየ፣ ይህን ሥራ እችለዋለሁ ወይስ አልችለውም የሚለውን ልቡ ይነግረው ነበር።

ፍርሃታችሁን ግን አውቀዋለሁ፤ መሠረት አለውና። እኔ ወደዚህ አገር ስመጣ ልጅ ነበርኩ፤ ወደ ፕኒሚያ ተላክሁ። በዚያ ዘመን፣ በ1980ዎቹ፣ ከእኛ ልጆች ብዙዎቹ ወደ እጅ ሙያ ክፍል ተመደቡ። ምን መሆን ትፈልጋለህ ብሎ የጠየቀን አልነበረም። ሙሉ ባግሩት ይዞ የወጣው ጥቂት ነበር። ስለዚህ አንድ አባት «አሁን ደግሞ የእኔን ልጅ ወደ ጋራዥ ልትልኩት ነው?» ሲለኝ አልቆጣም። ዳግመኛ እንዳይታለል ነው የሚፈራው።

ነገር ግን መመደብ ሌላ፣ ማየት ሌላ ነው። ያኔ የተወሰነው በእኛ ላይ ነበር። ይህኛው ልጁ ራሱ እንዲወስን የሚረዳ ነው። ለሦስት ቀን ሄዶ ይመለሳል፤ የሚማረው ክፍልም፣ የሚፈተነው ባግሩትም አይለወጥም። ወረቀቱ ላይ ልጁ ክፍል ይቀየራል ወይም ከሒሳብና ከእንግሊዝኛ ደረጃ ዝቅ ይላል የሚል ካለ፣ ያ ሌላ ወረቀት ነው። እሱን ሳትጠይቁና ሳይተረጎምላችሁ እንዳትፈርሙ።

እስካሁን የሚቆጨኝን አንድ ነገር ልንገራችሁ። 11ኛ ክፍል ፊዚክስ የሚወድ አንድ ተማሪ ነበረኝ። አባቱ ሌሊት ሌሊት በጥበቃ ይሠራሉ። ለልጁ በአንድ የመሐንዲሶች ቢሮ የሦስት ቀን ቦታ ተገኘለት። ወረቀቷ እስከ ሐሙስ ተፈርማ መምጣት ነበረባት፤ አላመጣም። እኔም «ጊዜው አለፈ» ብዬ ቦታውን ለሌላ ሰጠሁ። ሌላ የሚጠብቀው ተማሪ አለና ትክክል የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

ከስድስት ዓመት በኋላ በስግድ ቀን ኢየሩሳሌም ከአባትየው ጋር ተገናኘን። ልጁ ከጸባ ወጥቶ፣ ጓደኞቹ የገቡበትን ትምህርት አብሮ ገብቶ፣ ፒቃዶኑን ከፍሎበት፣ በዓመቱ «ይህ ለእኔ አይደለም» ብሎ አቋርጧል። ስለዚያች ወረቀት ነገርኳቸው። ሰውየው አልጮኹብኝም። ዝቅ ባለ ድምፅ «መምህር፣ የእኔ ስልክ እርስዎ ጋ አልነበረም ወይ?» አሉኝ። ነበረኝ። አማርኛም እናገራለሁ። የዕብራይስጥ ወረቀት ልኬ፣ መልስ ሳጣ ቤተሰቡ አልፈለገም ብዬ ደመደምኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወረቀት ብቻ አልልክም፤ እደውላለሁ።

አሁን ደግሞ የሌላዋን ስሙ። ይህች ልጅ 12ኛ ክፍል ናት። ከትንሽነቷ ነርስ እሆናለሁ ትላለች። እናቷ በሆስፒታል ፅዳት ይሠራሉ፤ ፈርመው ላኳት። በመጀመሪያው ቀን ቁስል ሲታሰር አይታ ራሷን ሳተች። አፍራ ልትቀር ስትል፣ የሚያስተናግዷት ነርስ በማግስቱ ወደ ላቦራቶሪ ወሰዷት። ስትመለስ «መምህር፣ ደሙን ማየት አልችልም፤ ከደሙ የሚወጣውን ቁጥር ግን ወደድኩት» አለችኝ። እናቷ ደግሞ «ያንን ኮሪደር ሦስት ዓመት ጠርጌዋለሁ፤ ከበሩ ጀርባ ምን እንደሚሠራ የነገረችኝ ግን ልጄ ናት» አሉኝ። ወደፊት ምን እንደምትሆን ገና አልታወቀም። ግን አራት ዓመት ተምሮ ከመጸጸት ሁለት ቀን አይቶ ማወቅ አይሻልም?

ሌላም ነገር አለ። የሌሎች ልጆች አጎታቸው ጠበቃ፣ ጎረቤታቸው መሐንዲስ ነው። በሰንበት ማዕድ ላይ ስለ ሥራ ሲወራ እየሰሙ ያድጋሉ። ይህ ሳይጠሩት የሚመጣ ፕሮቴክጺያ ነው። የእኛ ልጆች ብዙዎቹ ያ የላቸውም። ሦስት ቀን አጠገቡ ቆሞ ያየው ባለሙያ ግን ስሙን ያውቀዋል፤ ነገ ምክር ሊጠይቀው ይችላል። ስለዚህ ልጁ ሲጨርስ የምስጋና ደብዳቤ እንዲጽፍ አድርጉ፤ ስልኩንም ይያዝ።

ከመፈረማችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ፦

አንደኛ፣ ልጁ የሚውለው የት ነው? ኃላፊው ማን ነው? ስንት ሰዓት ገብቶ ስንት ሰዓት ይወጣል? የትምህርት ቤቱ ኢንሹራንስ ይሸፍነዋል ወይ?

ሁለተኛ፣ የሚያይ ነው ወይስ የሚሠራ? ቀኑን ሙሉ ዕቃ የሚሸከም ወይም ደንበኛ የሚያስተናግድ ከሆነ ያ ሥራ ነው፤ ሥራ ደግሞ ይከፈልበታል። በ1953 የወጣው የወጣቶች ሥራ ሕግ ልጅ ከ15 ዓመቱ ጀምሮ እንዲሠራ ይፈቅዳል፤ 14 ዓመት የሞላው በትምህርት ቤት ዕረፍት ቀላል ሥራ መሥራት ይችላል። ዝቅተኛው ደመወዝ፣ ከአዋቂው ዝቅተኛ ደመወዝ፣ እስከ 16 ዓመት 70 በመቶ፣ እስከ 17 ዓመት 75 በመቶ፣ እስከ 18 ዓመት 83 በመቶ ነው። «የሙከራ ቀን ነው» ብሎ በነጻ ማሠራት አይፈቀድም። ትሉሽም ሊሰጠው ይገባል።

ሦስተኛ፣ የልጁ ትምህርት ቤት እንዲህ ያለ ፕሮግራም ከሌለውስ? ሕክምና የሚያስብ ልጅ ከ15 ዓመቱ ጀምሮ በማጌን ዳቪድ አዶም የ60 ሰዓት ኮርስ ወስዶ በአምቡላንስ በጎ ፈቃደኛ መሆን ይችላል። ለባግሩት ሰርተፊኬት ስለሚጠየቀው የማኅበራዊ ተሳትፎ ሰዓትም መምህሩን ጠይቁት፤ ሰዓቱ ልጁ በሚወደው መስክ ቢሞላ ጥቅሙ እጥፍ ነው።

ልጁ ወደ ቤት ሲመለስ «ወደድከው?» ብላችሁ ብቻ አትለፉት፤ «እሺ» ብሎ ወደ ስልኩ ይመለሳል። ቡናው ይፈላና አጠገባችሁ አስቀምጡት። ከማን ጋር ዋልክ? ሰውየው ምን ተምሮ ነው እዚህ የደረሰ? ስንት ዓመት ፈጀበት? ምን ያደክመዋል? አንተስ ለዚህ ሥራ በየማለዳው ትነሣለህ? ብላችሁ በአማርኛ ጠይቁት። ቃል ቢያጥረው በዕብራይስጥ ቀላቅሎ ያስረዳ። መልሱን ሲፈልግ እሱም ያስብበታል።

ዛሬ ማታ «ከትምህርት ቤት የመጣ ወረቀት አለ?» በሉት። ካለና ካልገባችሁ፣ አትፈሩ፣ መምህሩ ጋ ደውሉ። በአማርኛ የሚያስረዳችሁ ሰው ጠይቁ፤ መጠየቅ መብታችሁ ነው። መምህሩም ሳትጠይቁት መደወል ነበረበት። ይህን የምለው ሳልደውል የቀረሁት እኔ ራሴ ስለሆንኩ ነው።

ልጆቻችሁን ለቁም ነገር ያብቃላችሁ።