ጂቲኤ፦ ስሙ አንድ፣ ጠባዩ ብዙ

ሆሳዕና ወይም ዱራሜ የሚኖሩ ከሆነ የሰፈርዎን ጌም ቤት ከሩቅ በጩኸቱ ያውቁታል። መጋረጃ የተጋረደበት አንድ ክፍል፣ ሁለት ሦስት ቴሌቪዥን፣ አግዳሚ ወንበር፣ ቦርሳውን እንዳነገተ ተራ የሚጠብቅ ተማሪ። በብዛት የሚጫወቱት ኳስ ነው። ኳሱ ሲሰለቻቸው ግን መኪና የሚነጠቅበት፣ ከፖሊስ ጋር የሚታኮሱበት ጨዋታ ይከፈታል። ልጆቹ «ጂቲኤ» ይሉታል፤ ሙሉ ስሙ ግራንድ ቴፍት አውቶ ነው።

ለልጅ አይሆንም። በዚህ ላይ ብዙ ማብራራት አያስፈልግም፤ ሽፋኑ ላይ ራሱ በአሜሪካ 17፣ በአውሮፓ 18 ዓመት ለሞላቸው እንደሆነ ተጽፎበታል። ልጅዎ ገና አሥራ ሁለት ዓመቱ ከሆነ መልሱ አጭር ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሶ ስለ ደቡብ አፍሪካ ማውራት ለጀመረ ልጅ ግን ጉዳዩ ትንሽ ይለያል። ምክንያቱም በዚህ ስም የሚጠሩት ጨዋታዎች አንድ ዓይነት አይደሉም፤ አንደኛው ደግሞ ስለ እኛ ቤት የሚያወራ ይመስላል።

ታሪኩ የሚጀምረው በፈረንጆቹ 1997 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በእነሱ አቆጣጠር ናቸው)፣ ስኮትላንድ ውስጥ ዳንዲ በምትባል ከተማ ነው። ያኔ ከተማው ከሰማይ ወደ ታች የሚታይ፣ መኪናዎቹ ክብሪት ሳጥን የሚያህሉ፣ ነገሩ ሁሉ ቀልድ ነበር። በ2002 የወጣው ቫይስ ሲቲ ደግሞ ባሕር ዳርቻ፣ ባለቀለም መብራትና የ1980ዎቹ ሙዚቃ ይዞ መጣ፤ ሀብት በአንድ ሌሊት የሚገኝበት ከተማ።

እኛ ጋ ሥር የሰደደው ግን የ2004ቱ ሳን አንድሪያስ ነው። ጄት ለብሶ የሚያበር ኮድ የማያውቅ ልጅ ብርቅ ነበር። የሚገርመው ግን የታሪኩ መነሻ ነው፦ ሲጄ የሚባለው ወጣት ከአምስት ዓመት ቆይታ በኋላ ወደ ሰፈሩ የሚመለሰው እናቱ ሞታበት፣ ለቀብሯ ነው። ይህን ጌም ቤት ውስጥ ቢጠይቁ የሚነግርዎ ጥቂት ነው። ሂሳቡ በሰዓት ስለሆነ ንግግሩ ቶሎ ይዘለላል።

ከዚያ 2008 ላይ ጨዋታው መልኩን አጠቆረ። አራተኛው ጂቲኤ ከባልካን ጦርነት የተረፈውን ኒኮን በመርከብ ኒው ዮርክን ወደምትመስል ከተማ ያመጣዋል። አንዱ ምክንያቱ የአጎቱ ልጅ ሮማን ነው። ሮማን ትልቅ ቪላ፣ የስፖርት መኪናዎችና ሴቶች እንዳሉት ሲጽፍለት ቆይቷል። ኒኮ ደርሶ ሲያይ ግን ጠባብና የቆሸሸች አንዲት ክፍል፣ የተጎሳቆለ የታክሲ ቢሮ እና የቁማር ዕዳ ብቻ ነው።

ይህን ሆሳዕና ላይ ሆኖ ማየት እንደ ሌላው ዓለም ተመልካች አይደለም። ለያሆዴ ወይም ለመሳላ ከጆሃንስበርግ የመጣውን ጎረቤት፣ ጀርባውን ለመኪና ሰጥቶ የተነሳውን ፎቶ፣ በላከው ገንዘብ የተሠራውን ፎቅ እናውቃለን። ሎኬሽን ውስጥ በብረት ፍርግርግ ጀርባ እየሸጠ፣ ማታ እዚያው በሩን ቆልፎ መተኛቱን ግን አይነግረንም። የሮማን ውሸት የክፉ ሰው ውሸት አይደለም፤ የሚያፍር ሰው ውሸት ነው። እውነቱን ለመናገር እኛም አጥብቀን አንጠይቅም፤ መልሱን ብንሰማ ታናሹን መላክ ይከብደናላ! መንገዱ ላይ የሚቀሩትም አሉ። መጋቢት 2020 ሞዛምቢክ ቴቴ ውስጥ በአንድ የጭነት መኪና ኮንቴይነር ውስጥ 64 ኢትዮጵያውያን ሞተው ተገኝተዋል።

ብዙ ተጫዋቾች የ2008ቱን ጠባይ አልወደዱለትም። መኪናው ይከብዳል፣ አውሮፕላን ማብረር ቀርቷል፣ ሮማን በየሰዓቱ እየደወለ ቦውሊንግ እንጫወት ይላል። መጨረሻውም ተጫዋቹ የትኛውን መንገድ ቢመርጥ ኒኮ የሚወደው ሰው ይሞትበታል። በ2013 አምስተኛው ሲወጣ ኩባንያው ወደ ፀሐዩና ወደ ፌዙ ተመለሰ፤ በሦስት ቀን ውስጥ የአንድ ቢሊዮን ዶላር ሽያጭ አስገባ። ከሦስቱ ዋና ገጸ ባሕርያት አንዱ ማይክል፣ ገንዘብ ያለው ግን ከቤተሰቡ ጋር መስማማት ያቃተው አባት ነው፤ ልጁ ክፍሉን ዘግቶ ጌም እየተጫወተ ይሳደባል። ኩባንያው በገዛ ደንበኞቹ ሲስቅ! አስቂኝ ነው፤ ለእኔ ግን የአራተኛውን ያህል አይዘልቅም።

እንግዲህ ዕድሜው የደረሰ ልጅ ካለዎትና «ሁሉም እየሄደ ነው» ማለት ከጀመረ፣ አራተኛውን አብረው ይክፈቱት። ፕሌይስቴሽን 4 ላይ አይሠራም፤ የቆየውን ፕሌይስቴሽን 3 ወይም ደህና ኮምፒውተር ይፈልጉ። ስድብና ጸያፍ ንግግር ስላለበት ትንንሾቹ አጠገብ አይሁኑ። የሚያስፈልግዎ የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ብቻ ነው፦ ከመርከቡ እስከ ሮማን ክፍል ድረስ። ንግግሩ እንግሊዝኛ ስለሆነ ልጅዎ እንዲተረጉምልዎ ይጠይቁት፤ ሲተረጉም አይዘልም። ቪላው የት አለ ተብሎ በሩ ሲከፈት ዝም ይበሉ፤ መጀመሪያ እሱ የሚለውን ይስሙ።

ጆሃንስበርግ ያለው ታላቁ ሲደውል ደግሞ፣ የላከው ብር መድረሱን ከነገሩት በኋላ ስልኩን ቶሎ አይዝጉት። የሚተኛው የት እንደሆነ ይጠይቁት። ታናሹም አጠገብዎ ይቀመጥ።